የላስታ ባለ እጆችና የካራ አሠራር

የሮሃን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለማየት ወደ ላስታ የሚወጣ ሰው ስለ ንጉሥ ላሊበላና ስለ መላእክት ይሰማል። ትውፊቱ ሰዎች ቀን የወቀሩትን ሌሊት መላእክት ይጨምሩበት ነበር ይላል። ነገር ግን ወደ ግድግዳው ቀርቦ ለሚመለከት የመሮ ምልክት ዛሬም በድንጋዩ ላይ ይታያል። መሮውን የቀጠቀጠ፥ ሲደነዝም መልሶ የሳለ ባለ እጅ እንደ ነበረ ግልጥ ነው፤ ስሙን የሚያነሣ ግን የለም።

የባለ እጅ መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ይኸውም ከፍየል ቆዳ የተሰፋ ጥንድ ወናፍ፥ የሸክላ የነፋስ መውጫ፥ መስፍ፥ መዶሻ፥ ጉጠትና ሞረድ ነው። ጥንት ብረቱ በአገር ውስጥ ከአፈሩ በከሰል እሳት ይነጠር ነበር። የውጭ አገር ብረት ሲበዛ ግን ማንጠሩ እየቀረ ሄዶ፥ ካራው ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራና ከሌላም ስብርባሪ ብረት ይሠራ ጀመር።

በዚህ ሥራ ከክንድ ይልቅ ዓይን ይበልጣል። ብረቱ እንደ ፍም ሲቀላ ይቀጠቀጣል፤ ጠቁሮ ሳለ ቢመታ ይሰነጠቃል፤ ነጥቶ ብልጭታ ሲረጭ ደግሞ ይቃጠላል። ቅርጹን ካገኘ በኋላ እንደ ገና ግሎ ሲነከር ስለቱ ይጠነክራል፥ ነገር ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ተወልውሎ የገለባ መልክ እስኪይዝ ድረስ፥ ይህም ወደ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው፥ በቀስታ ቢሞቅ ተሰባሪነቱ ይቀንሳል። ሥራውን ለመሞከር የሚወድ ተማሪ በጥላ ሥፍራ ይሥራ፤ የጋለ ብረት መልክ በፀሐይ ብርሃን በትክክል አይለይምና።

ይህን ያህል የሚያውቀውን ሰው ሕዝቡ ቡዳ ነው እያለ ይሸሸው ነበር። ገበሬው ማረሻና ማጭድ ከእርሱ እየወሰደ፥ ልጁን ግን አይድርለትም ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከለከሉ። ሆኖም ዐዋጅ አፍን ቢዘጋም ጥርጣሬን ከልብ ፈጥኖ አያወጣም።

ይህ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ በእጅ የሚተላለፍ እንጂ በብራና የተጻፈ አይደለም። ልጁ የአባቱን ስም አፍሮ ወናፉን የተወ እንደ ሆነ፥ ሥራው ያለ ምስክር ይቀራል። ስለዚህ ወደ ላስታ የሚሄድ ተመራማሪ አብያተ ክርስቲያናቱን ከለካ በኋላ፥ ከባለ እጁም ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ይጠይቅ፤ የሰማውንም ይጻፍ።