የሐረሩ ልጅና ቀዩ ጎልጎታ

ከፈረስ መጋላ ወደ መኪና ግርግር ሲታጠፉ የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ጆሮ ይሞላል። ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ያገኘሁትን ወጣት አስጎብኚ ስለ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ብጠይቀው፣ ‹‹ጋሼ፣ የራምቦን ቤት ላሳይዎት›› አለኝ። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ በ1880 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሐረር የገባው ለንግድ ነበር። ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ግን በ1932 የተወለደው እዚሁ ሐረር ነው።

አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ይህችን ያዙልኝ። ልጁ አዲስ አበባ ተማረ፤ ከ1957 እስከ 1961 ኮሎኝ ሥዕል አጠና፤ ተመልሶም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ።

ክርክሩ የጦፈው በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሥራዎቹን ካሳየ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት የሣለው ‹‹ጎልጎታ›› ስቅለትን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ለሚያውቅ ሰው ያስደነግጣል፤ ፊቱ የማይለይ አካል፣ ደም የመሰለ ቀይ። ተቺዎች ከጀርመን የተቀዳ፣ ኢትዮጵያዊ ያልሆነ ሥዕል አሉት። በሌላ ሥዕሉ የአገሩን ሊስትሮ ልጅ የሣለው ያው እጅ መሆኑን የረሱት ይመስላል።

እኔ ለሠዓሊው አደላለሁ። በብራና ሥርዓት ጥቁሩ ለንባብ ነው፤ ቀዩ ለአምላክ፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም ይቀመጣል። አባት በስም ልክ የሚቆጥቡትን ቀይ ልጅ በሰሌዳው ሙሉ ለቀቀው። ይህን ለመማር ኮሎኝ መሄድ አያስፈልግም። ደግሞስ የውጭ ሙያ ሁሉ ባዕድ ነው? በእነዚያው ዓመታት ጀርመን የተወለደው፣ ብራዚል የከረመው ሃንሰን ባሂያ በዚያው ትምህርት ቤት እንጨት ቀርጾ ማተምን ያስተምር ነበር። ተማሪው ዘሪሁን የትምጌታ ሙያውን ይዞ ወደ አስማት ጥቅልሎቻችን ሄደ።

በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት መጣ። ከዚያ ደርግ፣ ስደት፣ በ1981 አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ሞት። በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ።

ይህን ሁሉ ለአስጎብኚዬ ስተርክለት ስሙን በስልኩ ጻፈ። ቀዩ ሥዕል ብቅ አለ። በሁለት ጣቱ እያሰፋ ቆየና ቀና አለ።

‹‹ጋሼ፣ ፊቱ የታለ?››