ከሣር ክዳን እስከ ኮርኒስ፦ የቤት ሙቀትና ስያሜዎቹ

የግንባታ ጽሑፎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ሙቀት የሚሰጠውና ሙቀት እንዳያልፍ የሚከላከለው ነገር ሁለቱም «ማሞቂያ» እየተባሉ ሊደባለቁ ይችላሉ። የመደባለቁን ምክንያት ለመረዳት የቤቱን ታሪክ መመልከት ይጠቅመናል።

በደጋው ጎጆ እሳቱ በጉልቻ መካከል ይነዳል፤ ጭድ የተቦካበት የጭቃ ምርጊትና ወፍራሙ የሣር ክዳን ሙቀቱን ይይዛሉ። ለምድጃው፣ ለምርጊቱና ለክዳኑ ስም አለ። ክዳኑ ዝናሙንም ብርዱንም በአንድነት ስለሚከላከል፣ ሙቀት የመያዙ ተግባር ለብቻው ስም አላስፈለገውም።

ጉድለቱ የተገለጠው ቆርቆሮ ሲስፋፋ ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ቆርቆሮ ማስመጣት ቀለለ። ቆርቆሮ ዝናምን ይመልሳል፤ ሙቀትን ግን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ቤቱ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ከሥሩ አቡጀዲ ተወጠረ፣ ሳንቃም ተመታ፤ ይህም «ኮርኒስ» ተባለ። ቃሉ በምንጩ የጠርዝ ጌጥን ሲያመለክት፣ በአማርኛ ጣሪያውን ከውስጥ የሚሸፍነው ሆነ።

በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የታቈረው አየር ሙቀትን ያግዳል። ይሁን እንጂ ኮርኒስ የክፍል ስም እንጂ የተግባር ስም አይደለም፤ በግድግዳ ውስጥ የሚጠቀጠቀውን ጥጥ መሰል ነገር ኮርኒስ ልንለው አንችልም። «ዓቃቤ ሙቀት» ብንል ለደጋ ይስማማል፤ ሙቀት እንዳይገባ ለሚፈለግበት ለቆላ ቤት ግን ያሳስታል። «የሙቀት ማገጃ» ሁለቱንም ያጠቃልላል።

ስለዚህ «ማሞቂያ» ለሚያሞቀው፣ «የሙቀት ማገጃ» ለሚያግደው ተለይተው እንዲቀመጡ እንመርጣለን፤ አለዚያ ባለቤቱ ጣሪያውን ማልበስ ሲገባው ምድጃ ይጨምራል።