የግዕዝ ፊደል በትእዛዝ መስመር

የግዕዝ ፊደል በትእዛዝ መስመር ሲባል በአማርኛ፣ በትግርኛና በመሳሰሉት ቋንቋዎች የተጻፈን ጽሑፍ ወደ ሼል የማስገባት፣ የማረምና የማሳየት አሠራርን ያመለክታል። ሼል ተጠቃሚው ለኮምፒዩተሩ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት ፕሮግራም ሲሆን፣ በሊኑክስ ላይ በብዛት የሚገኘው ባሽ ነው።

የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 በነደፉት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «ሀ» ለምሳሌ 225፣ 136 እና 128 የተባሉ ባይቶች ተከታትለው ነው። አብዛኛው ችግር የሚመነጨው ሰው አንድ ፊደል የሚያየውን ፕሮግራሙ ሦስት ነገር አድርጎ ሲቆጥረው ነው።

አጻጻፍ

የማስገቢያ ፕሮግራም የላቲን ቁልፎችን ወደ ፊደል ይለውጣል። ሴራ በተባለው ዘዴ የኤል ቁልፍ ሲመታ «ል» ይወጣል፤ ኤ ሲከተለው «ላ» ይሆናል። የትእዛዝ ስሞች ግን በላቲን ስለሆኑ ተጠቃሚው ሰሌዳውን ደጋግሞ መቀየር አለበት። መቀየሩን የረሳ ሰው ፋይሎችን ለመዘርዘር ኤልና ኤስን ሲመታ «ልስ» ይጻፍና ሼሉ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም ይላል። በባሽ ለትእዛዝ የአማርኛ ተለዋጭ ስም ማውጣት ይቻላል፤ የተለዋዋጭ ስም ግን በአማርኛ አይፈቀድም።

እርማት

ባሽ ባለብዙ ባይት ፊደላትን በአግባቡ ማረም የጀመረው በ2002 ነው። የራሳቸው የመስመር ማረሚያ በሌላቸው ፕሮግራሞች ማጥፋቱን የሚሠራው የሊኑክስ ከርነል ሲሆን፣ ጽሑፉ በዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚነግረው ምልክት የመጣው በ2.6.4 እትም ነው። ምልክቱ ካልበራ ባክስፔስ አንድ ባይት ብቻ ያጠፋል። «ሰላም» ተጽፎ ሦስት ጊዜ ቢጠፋ መስመሩ ባዶ ይመስላል፤ ከ9ኙ ባይቶች 6ቱ ግን አሉ። ይህ ከግልጽ ስህተት ይልቅ አሳሳች ነው፣ ምክንያቱም የማይታየው ቅሪት ከቀጣዩ ጽሑፍ ጋር አብሮ ይላካል።

ፍለጋ እና የፋይል ስም

ሼል ድምፅ አይሰማም። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ቃል ቢሆኑም ለኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ በአንዱ የተቀመጠ ፋይል በሌላው ሲፈለግ አይገኝም። መፍትሔው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት በማዕዘን ቅንፍ አማራጭ አድርጎ መጻፍ ነው፦ [ፀጸ][ሐሀ]ይ። ይህም የሚሠራው የሲስተሙ የቋንቋ ቅንብር ዩቲኤፍ-8 ሲሆን ነው፤ አለዚያ ቅንፉ ውስጥ ያሉት እንደ ነጠላ ባይቶች ይታያሉ።

በሊኑክስ በተለመዱት የፋይል ሲስተሞች አንድ የፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም፤ በአማርኛ 85 ፊደል መሆኑ ነው። ስሙ ውስጥ ባዶ ቦታ ካለ ሼሉ ስለሚከፋፍለው በጥቅስ ምልክት መታጠር አለበት። ሁለት ነጥብን (፡) ግን ባሽ እንደ ቃል መለያ ስለማያውቀው «የቤት፡ሥራ» ያለ ጥቅስ እንደ አንድ ስም ያልፋል፤ የጥንቱ አጻጻፍ እዚህ ላይ ሥራ ያቃልላል።