ከፑንቲና ወደ ኤሌክትሮኒክ፦ የቡና መንገድ ሞተሮች ታሪክ



የጅማ ታሪክ ሲነሣ ዳግማዊ አባ ጅፋር፣ የሕርማታ ገበያና ቡናው አስቀድመው ይጠቀሳሉ። እኔ ዛሬ የምናገረው ቡናውን ከአጋሮና ከሊሙ ስላወጣው ሞተር፣ ይልቁንም በውስጡ ስላለችው ትንሽ ዕቃ፣ ስለ ፑንቲና ነው። ጥያቄዬም፦ አሮጌ ሞተር በአዲስ ዕቃ ሲታደስ ምን እናተርፋለን፣ ምንስ እናጣለን? የሚል ነው።

የመጀመሪያው ማስረጃችን ቋንቋችን ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በቆየው ወረራ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ አስተዳደር መቀመጫ አደረጋት። ወራሪው ተሸንፎ ወጣ፤ የጋራዡ ቃል ግን ቀረ። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ፣ ቦቢና ጥቅል፣ ፑንቲና ትንንሽ ጫፍ ማለት ነው። እነዚህን ቃላት ጠብቀው ያስተላለፉልን መጽሐፍ ያልጻፉ መካኒኮች ናቸው።

አሠራሩ ግን ከጣሊያን አልመነጨም። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የነደፈው የባትሪ ማቀጣጠያ በካዲላክ መኪና ላይ ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ። ፑንቲናው ሲከፈት በቦቢናው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ይቋረጣል፤ የ12 ቮልት ባትሪ ጉልበትም በሺዎች ወደሚቆጠር ቮልት ወጥቶ በካንዴላው ላይ ይፈነጥቃል። ይሁን እንጂ ፑንቲናው ይቃጠላል፤ ተረከዙ ሲያልቅ ክፍተቱ ይጠባል፤ ብልጭታው ይዘገያል፤ ሞተሩም አቀበት ላይ ጉልበት ያጣል።

ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ይህን መነካካት አስቀረ። በሚሽከረከረው ዘንግ ላይ ማግኔት ይገባል፤ ኤድዊን ሆል በ1879 ባገኘው ክሥተት የሚሠራ መቀበያም ለትራንዚስተሩ ምልክት ይሰጣል። የሚነካካ ስለሌለ የሚያልቅም የለም። ለአሮጌ ላንድሮቨርም ሆነ ለላዳ የሚስማማው ዕቃ በዚያው በአሮጌው ቤት ውስጥ ይገጠማል።

ሆኖም ሁለት ነገር ልብ ይባል። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የተሠሩ ላንድሮቨሮች የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረ ነው፤ ይህን ሳያረጋግጡ የገጠሙት ዕቃ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ደግሞም የጅማ ዝናብና ጭጋግ ጠላትነቱ ከፑንቲናው ብቻ አይደለም፤ እርጥበት ገብቶበት ወይም ተሰንጥቆ ኃይል የሚያፈስን ክዳንና ሽቦ አዲሱ ዕቃ አይፈውሰውም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ትርፉ እውነተኛ ነው፤ የቤንዚን ብክነት ይቀንሳል፣ ሞተሩም በቀላሉ ይነሣል። ኪሣራውም እውነተኛ ነው። የተቃጠለ ፑንቲና መንገድ ዳር በሞረድ ይጸዳል፤ የሞተ ኤሌክትሮኒክ ግን መለወጥ እንጂ መጠገን አያውቅም። ስለዚህ አሮጌው ፑንቲና ከነኮንደንሰሩ በመኪናው ውስጥ ይቀመጥ፤ እርሱን የሚያስተካክለው እጅ ያለው ዕውቀትም ሳይጠፋ ይመዝገብ። የቡና አገር የቴክኖሎጂ ታሪክ ከፈጠራ ይልቅ የጥገና ታሪክ ነውና፤ የጠጋኞቹን ቃል ካልጻፍን ታሪኩን ግማሽ አድርገን አስቀርተናል።