የይለፍ ቃል የተወለደበት ግቢ

በኮምፒውተር ዓለም የይለፍ ቃል የተጀመረው ከባንክ ወይም ከጦር ሰፈር አይደለም፤ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። በ1961 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካው ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭሩ ኤምአይቲ፣ ፈርናንዶ ኮርባቶ የሚመራው ቡድን አንድን ኮምፒውተር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲጠቀምበት የሚያስችል ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት ሠርቶ አሳየ። ማሽኑ ውድ ነው፣ ተጠቃሚው ደግሞ ብዙ። ስለዚህ የሰዓት ኮታ ተቆረጠ፤ የአንዱ ፋይል ከሌላው እንዳይቀላቀልም ለእያንዳንዱ ሰው የይለፍ ቃል ተሰጠው። ዛሬ አዲስ ተማሪ ስለ ሳይበር ደህንነት ሲማር መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ጠንካራ የይለፍ ቃል ምረጥ» የሚል ነው። ምክሩ ስህተት ባይሆንም ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል። ከዚያ ግቢ የሚነሳውን ታሪክ ለተከታተለ፣ ከጠንካራው ቃል በፊት የሚመጣው ለየአካውንቱ የተለያየ ቃል መያዝ ነው።

የመጀመሪያው ማስረጃ ከዚያው ከኤምአይቲ ይገኛል። አለን ሼር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ በሳምንት የተፈቀደለት 4 ሰዓት ለምርምሩ አልበቃው አለ። በ1962 አንድ ዓርብ ማታ፣ ማሽኑ ፋይል አትሞ እንዲያወጣ የሚያዝ የተበሳ ካርድ አስገባ፤ የጠየቀው ፋይል የተጠቃሚዎቹን ሁሉ የይለፍ ቃል የያዘውን ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሄዶ የታተመውን ወረቀት ወሰደ፣ በሌሎች ሰዎች ሰዓትም ሥራውን ቀጠለ። ነገሩን የተናዘዘው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1966 ደግሞ ሌባ እንኳ አላስፈለገም። አንዱ ኃላፊ የይለፍ ቃሎቹን ፋይል፣ ሌላው ተጠቃሚ ሲገባ የሚታየውን የዕለቱን መልእክት በአንድ ጊዜ ሲያርሙ፣ የማረሚያው ሶፍትዌር ሁለቱን አምታታቸው። ወደ ሥርዓቱ የገባ ሁሉ በመልእክቱ ፋንታ የሰው ሁሉ የይለፍ ቃል ስክሪኑ ላይ ተዘርግፎ አገኘው። ኮርባቶ ራሱ ይህን በቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ አንስቶታል። በሁለቱም ጊዜ ቀላል ቃል የመረጠውም ከባድ ቃል የመረጠውም እኩል ተጋለጠ፤ ቃሉን ያወጣው ጠባቂው እንጂ ባለቤቱ አልነበረምና። ለባለቤቱ የሚቀረው የወጣው ቃል ሌላ በር እንዳይከፍት ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ይነሳል። ሮበርት ሞሪስ እና ኬን ቶምፕሰን በ1979 ባሳተሙት ጥናት 3,289 የይለፍ ቃሎችን መርምረው 86 በመቶ ያህሉ እጅግ አጭር ወይም ከመዝገበ ቃላትና ከስም ዝርዝር በቀላሉ የሚገመቱ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ታዲያ ጥፋቱ የባለቤቱ አይደለም ወይ? በከፊል አዎ። ከ9 ዓመት በኋላ የዚሁ የሞሪስ ልጅ፣ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሮበርት ታፓን ሞሪስ፣ የአባቱ ጥናት ያመለከተውን ድክመት በተግባር አሳየ። ኅዳር 2 ቀን 1988 የለቀቀው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም በወቅቱ ኢንተርኔት ላይ ከነበሩት 60,000 ያህል ኮምፒውተሮች 6,000 የሚሆኑትን እንዳጠቃ ተገምቷል። ከመግቢያ ዘዴዎቹ አንዱ ግምት ነበር፤ የተጠቃሚውን ስም ይሞክራል፣ ካልሆነም ይዞት የመጣውን የ432 ቃላት ዝርዝር። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ነው። የሰበረውን ቃል ይዞ፣ ያው ሰው አካውንት ሊኖረው በሚችልበት በሌላ ማሽን ላይ ይሞክረዋል። ደካማው ቃል አንድ በር ከፈተ፤ ሌሎቹን የከፈተው መደጋገሙ ነው።

«የተማሪ አካውንት ለማን ይጠቅማል?» የሚለው ተቃውሞ ከዚህ ያነሰ ክብደት አለው፣ ግን በግቢ ውስጥ በብዛት የሚሰማው እሱ ነው። በግንቦት 2000 ዓለምን ያዳረሰው፣ የፍቅር ደብዳቤ መስሎ በኢሜይል የሚላከው ቫይረስ የተሠራው ፊሊፒንስ ውስጥ ነው። ሠሪው ለመመረቂያው የሰዎችን የኢንተርኔት የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም ሐሳብ አቅርቦ ኮሌጁ ውድቅ ያደረገበት ተማሪ ነበር። ሲሠራው የፈለገው ሊከፍለው ያልቻለውን የኢንተርኔት መስመር ማግኘት እንደነበር ኋላ ተናግሯል። አለን ሼርም የፈለገው ሰዓት ነበር። የሚሰረቀው ሀብት ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ወይም ምስጢር ሳይሆን በሰው ስም መግባት መቻሉ ነው፤ የተማሪ ስም ደግሞ ከማንም ስም አያንስም፣ ወዳጅ የላከው መስሎ የሚከፈት ኢሜይል ይህን ያውቃል።

የሚቀረው እውነተኛው ችግር የማስታወስ አቅም ነው፤ ሃያ የተለያየ ቃል በጭንቅላት ይዞ የሚዞር የለም። በዚህ ችግር የመመሪያ አውጪዎቹም እጅ አለበት። የአሜሪካው የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ባልደረባ ቢል በር በ2003 ባዘጋጁት መመሪያ ትልቅ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት መቀላቀልን፣ በየጊዜው መቀየርንም አስፋፉ። ሰዉ ያደረገው መገመት የሚቻል ነው፤ አንዱን ቃል ያዘ፣ መጨረሻው ላይ 1 ጨመረበት፣ ሲታዘዝ 1ን ወደ 2 ቀየረ፣ በሁሉም ቦታም ያንኑ ተጠቀመበት። ተቋሙ በ2017 ሁለቱንም ግዴታዎች አንስቶ፣ ርዝመትን አስቀድሞ፣ ቃሎችን የሚያስቀምጥ መተግበሪያ መጠቀምን የማይከለክል መመሪያ አወጣ። በርም በዚያው ዓመት በአሮጌው ምክራቸው መጸጸታቸውን ለጋዜጠኛ ተናግረዋል። ያም ሆኖ እስከ ዛሬ ብዙ የምዝገባ ገጾች አንድ ትልቅ ፊደልና አንድ ምልክት ካልጨመሩ አያስገቡም፤ ያው ቃል ሌላ ቦታ ተሰጥቶ እንደሆነ ግን አይጠይቁም።