ማካለል

መከለል አንድ ሰው ብቻውን ይችለዋል፤ አጥሩን ያጥራል፣ ማሳውን ይከልላል። ማካለል ግን ሁለት ወገን ይፈልጋል፦ ጎረቤታሞች ይካለላሉ፣ ሽማግሌ ያካልላቸዋል።

በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ላይ ይህ ልዩነት ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ምኒልክና ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1902 ውል ፈረሙ። በቀጣዩ ዓመት ሻለቃ ቻርልስ ግዊን መሬት ላይ ምልክት ሲያደርግ የኢትዮጵያ ተወካይ አብሮት አልነበረም። ያ መከለል እንጂ ማካለል አይደለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1972 ሁለቱ መንግሥታት በተለዋወጡት ደብዳቤ የግዊን መስመር መነሻ ሆኖ ተወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የተደረሰው ስምምነት ደግሞ ለሕዝብ በግልጽ ሳይቀርብ ቀረ።

የድንበሩ ጉዳይ አያያዝ ድክመት እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር የሱዳን ጦር በተከዜና በአትባራ ወንዞች መካከል ወዳለው አወዛጋቢ የእርሻ ምድር፣ ወደ አልፋሽጋ፣ ገባ። ሰሊጥና ማሽላ ያመርቱ የነበሩ የጎንደር ገበሬዎች ተፈናቀሉ። አዲስ አበባ ጦሩ ወደ ቀድሞ ቦታው እንዲመለስና ጉዳዩ በንግግር እንዲፈታ ጠየቀች። ሁለተኛ ግንባር አለመክፈቷ ያስኬዳል፤ ለዓመታት ገበሬውን ሳያማክሩ መደራደር ግን ሰበብ የለውም። «ድንበሩ ይካለላል» የሚል ባለሥልጣን በድንበሩ ወረዳዎች፣ በመተማና በምዕራብ አርማጭሆ፣ የሚጠብቀው ጥያቄ «እነማን ባሉበት?» የሚል ነው።