ተያያዥ ጽሕፈትን ለሕፃናት በቤት ስለ ማስተማር
ከአዳማና ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጽሕፈት ታሪክ አንጻር የቀረበ ጥናታዊ ጽሑፍ

መግቢያ

በአዳማ ከተማ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ሦስት ትውልዶች ጽሕፈትን በሦስት ልዩ ልዩ መንገድ የተማሩ ሆነው መገኘታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። አያት ከየኔታ ወይም ከቁርኣን መምህር እግር ሥር ተቀምጠው ፊደል የቆጠሩ ናቸው። አባትና እናት በመንግሥት ትምህርት ቤት ወይም በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ በግእዝ ፊደል ማንበብና መጻፍ የለመዱ ናቸው። ልጅ ደግሞ ኦሮምኛን በቁቤ፣ አማርኛን በፊደል፣ እንግሊዝኛን በላቲን ፊደል ይማራል። በዚህ ላይ አንዳንድ ወላጆች፣ ልጃቸው ከሌሎች ቀድሞ እንዲታይላቸው በመመኘት፣ በተለምዶ «ከርሲቭ» የሚባለውን ተያያዥ የላቲን ጽሕፈት ገና በአጸደ ሕፃናት ዕድሜ በቤት ያስጀምሩታል፤ አቅሙ ያላቸውም አስጠኚ ይቀጥሩለታል።

ከዚህ የተነሣ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሁለት ጥያቄዎች ይቀርባሉ። አንደኛው፣ ተያያዥ ጽሕፈት ለሕፃናት በቤት ሊሰጥ ይገባል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የሚገባ ከሆነ መቼ የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ለጥያቄዎቹ መልስ የሚፈልገው ከአካባቢው የጽሕፈት ታሪክ በመነሣት ሲሆን፣ የሌሎች አገሮችን ልምድም ለማነጻጸሪያ ይጠቅሳል።

1. ከዘመናዊ ትምህርት ቤት በፊት የነበረው ሥርዓት

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብና ጽሕፈት የተለያዩ ሙያዎች ነበሩ። ሕፃኑ በስንጥር እየጠቆመ ከሀ እስከ ፐ ያለውን ይቆጥራል፤ ከዚያ አቡጊዳን፣ ቀጥሎም መልእክተ ዮሐንስን ይዘልቅና በመጨረሻ ዳዊት ይደግማል። በዚህ ሁሉ ጊዜ እጁ ብዕር ላይጨብጥ ይችላል። ዳዊት ደግሞ የወጣ፣ ነገር ግን ስሙን እንኳ መጻፍ የማይችል ሰው መገኘቱ የሚያስገርም አልነበረም። ጽሕፈት ራሱን የቻለ ጥበብ ስለ ነበረ፣ ሊማረው የፈለገ ሰው ብራና መፋቅን፣ ቀለም መበጥበጥን፣ የመቃ ብዕር መቅረጽን፣ በወስፌ ነጥብ አበጅቶ መስመር ማስመርን ከባለሙያ ጸሐፊ ዘንድ ለዓመታት እያገለገለ ይቀስም ነበር።

በጸሐፊዎቹ ዘንድ ጉልሕና ረቂቅ የሚባሉ የአጻጻፍ ዐይነቶች ነበሩ። ይሁን እንጂ በሁለቱም ፊደላቱ ተነጣጥለው ይቆማሉ እንጂ እርስ በርሳቸው አይያያዙም። «ቁም ጽሕፈት» የሚለው ስያሜ የደረሰን ከዚሁ ባህል ነው። የግእዝ ፊደል ጠባዩ ይህን የሚጠይቅ ነው፤ የድምፁ ለውጥ የሚታወቀው በፊደሉ እግር፣ ጎን ወይም ራስ ላይ በምትጨመር ትንሽ ምልክት ስለ ሆነ፣ ፊደላቱ በመስመር ቢያያዙ ካዕቡ ከሣልሱ፣ ሣልሱም ከኃምሱ ሊቀላቀል ይችላል።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞችና በአርሲ ገጠር በብዛት የተስፋፋው የቁርኣን ትምህርት ግን ሌላ ፈለግ ነበረው። እዚያ ልጁ ከመጀመሪያው በሉሕ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳ ላይ፣ በቀለም ይጽፋል፤ የተማረውን ሲያጠና ሰሌዳው ይታጠብና አዲስ ትምህርት ይጻፍበታል። የዐረብኛ ጽሕፈት በተፈጥሮው ተያያዥ ነው። ሆኖም መምህሩ በመጀመሪያ ፊደላቱን አንድ በአንድ፣ ቀጥሎ ከአናባቢ ምልክቶቻቸው ጋር ያስቆጥራል፤ ማያያዝ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ በአካባቢያችን ተያያዥ ጽሕፈት ከእንግሊዝኛ ጋር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ትምህርቱም ቢሆን ከተናጠል ፊደል ወደ ተያያዥ ቃል የመሄድ ሥርዓት ነበረው።

2. የባቡር ሐዲዱ ከተማና የጸሐፊነት እንጀራ

አዳማ በከተማነት ያደገችው ከባቡር ሐዲዱ ጋር ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በመካከሉ ያሉት ጣቢያዎች የንግድና የአስተዳደር ማእከሎች ሆኑ። ከጠላት ወረራ በኋላ ከተማዋ ናዝሬት ተብላ ስትጠራ ቆይታ በ1992 ዓ.ም. የቀድሞ ስሟ በይፋ ተመልሶላታል። በአጠገቧ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ደግሞ የሠራተኛ መዝገብ የሚይዙ፣ ሒሳብ የሚመዘግቡ፣ ደብዳቤ የሚያረቅቁ ሰዎች ተፈለጉ።

በዚያ ዘመን ጥሩ የእጅ ጽሕፈት እንጀራ ነበር። የጽሕፈት መኪና በየቢሮው ባልተዳረሰበት ጊዜ የሚነበብ እጅ ያለው ወጣት በቀላሉ ሥራ ያገኝ ነበር። በፍርድ ቤትና በማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎችም የሚተዳደሩት በዚሁ ነበር። ወላጆች ስለ ጽሕፈት ያላቸው ክብር፣ ልጃቸውንም በቶሎ ለማስጀመር መቸኮላቸው ከዚህ ልምድ ጋር የተያያዘ ነው። ጉጉቱ የክብር መመኘት ብቻ ተደርጎ ሊናቅ አይገባውም።

ተያያዥ የእንግሊዝኛ ጽሕፈትም ወደ ክፍል የገባው ከውጭ አገር መምህራን ጋር ነው። ከነጻነት በኋላ እንግሊዛውያን፣ ሕንዳውያንና ካናዳውያን መምህራን በየትምህርት ቤቱ አገልግለዋል፤ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮም የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት መጥተዋል። እያንዳንዱ በየአገሩ የተማረውን እጅ ይዞ ስለ መጣ፣ አንድ ወጥ የሆነ የተያያዥ ጽሕፈት ቅርጽ በትምህርት ቤቶቻችን ሊጸና አልቻለም። ዛሬ አስጠኚው የሚያሳየው ቅርጽ መምህሩ በሰሌዳ ላይ ከሚጽፈው የሚለይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

3. የፊደል ለውጥና በቤት ውስጥ የተፈጠረው ክፍተት

ኦሮምኛ ለረጅም ጊዜ ሲጻፍ የቆየው በግእዝ ፊደል ነበር። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ያዘጋጀው የንባብ መማሪያ በ1894 እ.ኤ.አ.፣ መጽሐፍ ቅዱሱም በ1899 እ.ኤ.አ. የታተሙት በዚሁ ፊደል ነው። ሼህ በክሪ ሳጳሎ በ1956 እ.ኤ.አ. ለቋንቋው ራሱን የቻለ አዲስ ፊደል ፈጥረው ነበር፤ ይሁንና በስፋት እንዲያገለግል ሁኔታው አልፈቀደም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር፣ ለሁሉም የተጠቀመው የግእዝን ፊደል ነው። በዚህ ዘመቻ ብዙ እናቶችና አባቶች ለመጀመሪያ ጊዜ እርሳስ ጨብጠዋል።

በጥቅምት 1984 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገ ጉባኤ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ እንዲጻፍ ተወሰነ። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ፣ ቋንቋው አምስት አጭርና አምስት ረጅም አናባቢዎች ያሉት ሲሆን የፊደላችን ሰባት ቤቶች ይህን ልዩነት በትክክል አለማሳየታቸው ነው። የተናባቢ መጥበቅም እንዲሁ በግእዝ ፊደል አይታይም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ ቀድሞ ከ3ኛ ክፍል ይጀመር የነበረው እንግሊዝኛም ከ1ኛ ክፍል እንዲጀመር አደረገ።

የለውጡ የቋንቋ ጥቅም እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ በቤት ውስጥ አንድ ክፍተት መፈጠሩን ማስተዋል ያስፈልጋል። በ1971 ዓ.ም. ዘመቻ ኦሮምኛን በግእዝ ፊደል መጻፍ የተማረች እናት፣ ልጇ በቁቤ የጻፈውን ደብተር ማንበብ የማትችል ሆና ተገኘች። ቋንቋው የራሷ ነው፤ ጽሕፈቱ ግን እንግዳ ሆነባት። ልጁ በትምህርት ቤት የተሰጠውን በቤት ደግሞ የሚያሳየው ወላጅ በማጣቱ፣ ቦታውን ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች ወይም የቤት አስጠኚዎች ያዙት።

4. በልጁ እጅ ላይ የሚወድቀው ሸክም

ሸክሙን በቁጥር መመልከት ይቻላል። በተለመደው አቆጣጠር የአማርኛ ፊደል 33 ቤቶች በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጾች ይሆናሉ። የላቲን ፊደላት 26 ቢሆኑም ትልቅና ትንሽ ስላላቸው 52 ቅርጾች ናቸው። ተያያዥ ጽሕፈት ሲጨመር እነዚህ ወደ 104 ከፍ ይላሉ። በሁለቱም ፊደል የሚማር የአዳማ ልጅ ማያያዝ ሳይጀምር 283 ቅርጾችን መለየት አለበት።

በሌላ በኩል ለተያያዥ ጽሕፈት የሚቀርበው ክርክር በቁቤ ዘንድ ክብደት አለው። ቁቤ ረጅሙን አናባቢና የሚጠብቀውን ተናባቢ ደግሞ ስለሚጽፍ ቃላቱ ይረዝማሉ። በኦሮምኛ መምህር ማለት የሆነው «ባርሲሳ» በግእዝ ፊደል በ4 ቅርጾች ሲጻፍ በቁቤ 9 ፊደላት ይፈልጋል። ብዙ ማስታወሻ የሚጽፍ የከፍተኛ ክፍል ተማሪ እርሳሱን ሳያነሣ መጻፍ ቢችል ይፈጥናል። ነገር ግን ፍጥነት የሚያስፈልገው ብዙ መጻፍ ሲጀመር ነው። የአምስት ዓመት ሕፃን ገና የሚቸኩልበት ጽሑፍ የለውም።

5. የሌሎች አገሮች ልምድ

በፈረንሳይ ሕፃናት ከመጀመሪያው ተያያዥ ጽሕፈት ይማራሉ። በፊንላንድ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትምህርቱ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል። በአሜሪካ ብዙ ክፍለ ግዛቶች የተቀበሉት የ2010 እ.ኤ.አ. የጋራ የትምህርት መመዘኛ ተያያዥ ጽሕፈትን አላካተተም፤ በኋላ ግን አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ መልሰውታል። ሁሉም ልጆቻቸውን ማንበብና መጻፍ የሚያስተምሩ አገሮች ናቸው። ስለዚህ ውጤቱን የሚወስነው የማያያዝ ወይም ያለማያያዝ ጉዳይ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም።

ጠንከር ያለ ማስረጃ ያለው በሌላ ነጥብ ላይ ነው። ካሪን ጄምስና ላውራ ኤንግልሃርት በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ማንበብ ያልጀመሩ ሕፃናት ፊደልን በነጻ እጅ ሲጽፉት፣ የተሰጣቸውን መስመር ተከትለው ከመሳልም ሆነ ቁልፍ ከመጫን ይልቅ በንባብ ጊዜ የሚሠሩት የአንጎል ክፍሎች ይበልጥ እንደሚነቁ አሳይተዋል። ጥናቱ የተደረገው በተናጠል ፊደላት ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት፣ ሕፃኑ በገዛ እጁ ይጻፍ የሚል እንጂ አያይዞ ይጻፍ የሚል አይደለም።

6. ማጠቃለያና አስተያየት

ከላይ ከቀረበው ታሪክ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። በመጀመሪያ፣ በየኔታም ሆነ በቁርኣን ትምህርት ቤት ተናጠል ፊደል ይቀድማል፤ ይህ ሥርዓት በትውልዶች ልምድ የተፈተነ ነው። ሁለተኛ፣ የግእዝ ፊደል ማያያዝን አይቀበልም፤ በአንድ ወቅት ሁለቱንም ፊደል የሚማር ልጅ በአንዱ እጁን እንዲያነሣ፣ በሌላው እንዳያነሣ ቢታዘዝ ግራ ይጋባል። ሦስተኛ፣ ቤትና ትምህርት ቤት የተለያየ ቅርጽ ካሳዩት፣ ልጁ የተማረውን ማፍረስ ግድ ይሆንበታል።

ስለዚህ ተያያዥ ጽሕፈትን ከትምህርት ቤት በፊት በቤት ማስጀመር አይመከርም። ጊዜው ልጁ ፊደላቱን ሳያይ፣ በትክክለኛው የእጅ አካሄድና በተመጣጠነ መጠን መጻፍ ሲችል ነው፤ በእኛ ሁኔታ ከ3ኛ ወይም ከ4ኛ ክፍል በፊት መሆን የለበትም። ያኔም ቢሆን የሚጀምረው መምህሩ ሊሆን ይገባል፤ ቤት የሚያለማምድ ይሁን። ልጁ ተያያዥ ጽሕፈትን ማንበብ ይቻል ዘንድ መማሩ ለሁሉም ይጠቅማል፤ በእርሱ መጻፍ ግን እንደ እጁ ዝንባሌ ሊተውለት ይችላል።

ይህ ማለት ቤት ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ማንበብ የማይችል ወላጅ እንኳ ልጁ ወገቡን አቅንቶ እንዲቀመጥ፣ እርሳሱን ሳይጨመድድ እንዲይዝ፣ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ እንዲጽፍ ማድረግ ይችላል። በግራ እጁ የሚጽፈውን ልጅ በቀኝ እንዲጽፍ አለማስገደድም ትልቅ እርዳታ ነው። ፊደልን የሚያውቅ አያትም አማርኛውን ቢያስቆጥር ለትምህርት ቤቱ ረዳት ይሆናል።

ከዕቅድ አውጪዎች የሚጠበቀው ከዚህ ይከተላል። የቁቤና የእንግሊዝኛ ፊደላት አንድ ዐይነት ቅርጽና የእጅ አካሄድ እንዲኖራቸው ተደርጎ በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ይውጣ። ያው ቅርጽ በአንድ ገጽ ታትሞ ለእያንዳንዱ የ1ኛ ክፍል ተማሪ ወላጅ ይሰጥ። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም የሰሌዳ ጽሕፈትን በሁለቱም ፊደል ያስተምሩ። ብሔራዊ ፈተናዎች በምርጫ ጥያቄ የሚሰጡ በመሆናቸው የተማሪውን እጅ አያዩም፤ ስለዚህ የጽሕፈት ጥራት በክፍል ምዘና ካልታየ የሚጠይቅለት አይኖርም።

ወጪው ለአንድ ተማሪ አንድ ወረቀት ነው። ያ ወረቀት በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ቤቶች ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ፊደሉ በመለወጡ የልጇን ደብተር መከታተል የተሳናት እናት ከልጇ ጋር አብራ ቁቤን ልትቆጥር ትችላለች።